የአያት ስም የሚውጥ ቃታ

ወንዝ ለሁለት የከፈላት አንዲት አገር ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ «የት ጋ ናት? ማን ይገዛታል?» እያላችሁ ነገር ልትጎነጉኑብኝ ነው፤ ይቅርብኝ። ወንዙ ክረምት ከበጋ አይጎድልም፣ የሚሄደውም ከጥልቅ ገደል ሥር ነው። ወዲህ ማዶ የቆመ ሰው ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው ቁመናውን ያያል፣ የለበሰውን ይለያል፤ ድምፁን ግን አይሰማም። ጉሮሮው እስኪበጠስ ቢጮህ ከማዶ የሚደርሰው የዝንብ ጥዝታ ያህል ነው። ስለዚህ የዚያች አገር ሰዎች ማዶ ለማዶ የሚነጋገሩት በጠብመንጃ ነበር።

አትሳቁ፤ የምሬን ነው። አንድ ጥይት ከተሰማ ሰው ሞቷል ማለት ነው። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ የሟቹ ስም እስኪነገር ድረስ አይነሳም። ሁለት ከሆነ ደስታ ነው፤ ሰው ተድሯል ወይም ልጅ ተወልዷል። ሦስት ከሆነ «ድረሱልኝ» ነው። ሦስት የሰማ ሰው ከተኳሹ ጋር ደም የተቃባ ቢሆን እንኳ ሦስቱን መልሶ ተኩሶ፣ ቃሬዛና ገመድ ይዞ ወደ ወንዙ ይሮጣል። ግማሽ ቀን ከሚያስኬደው ከላይኛው መሻገሪያ ሌላ፣ ያ ውሃ ከማዶ ገመድ የሚወረውርለት ሰው ካልተገኘ በቀር ማንንም አያሻግርምና።

ታዲያ አንዱ መልእክት ከሌላው እንዳይምታታ በጥይትና በጥይት መሃል ልክ ነበረው። ተኳሹ አንዱን ተኩሶ የአባቱን፣ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ሁለተኛውን የሚተኩሰው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ ለአካለ መጠን ደርሶ ጠብመንጃ ሲሰጠው መጀመሪያ የሚማረው ማነጣጠር አልነበረም፤ በመሃል መቆየት ነበር። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይሉ ነበር አዛውንቶቹ፤ ጥይትም ለእነሱ ከአፍ የሚወጣ ቃል ነበረ።

እንየው ጓዴ የሚባል ሰው ወዲህ ማዶ፣ እገደሉ ጫፍ ላይ ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር። ቁጡ ነው። ያመነበትን ነገር ሰው ሲያፌዝበት ጆሮው ይቀላል። ጠብመንጃው የአባቱ ነበረች፤ ሰደፏ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። የሚተኩሳት ለቁም ነገር ብቻ ነው፤ ሲተኩስም «ጓዴ! ካሴ! ደምለው!» የሚለው ጥሪው ከጥይቷ ይልቅ ያስደነግጥ ነበር። ሚስቱ አንጓች «ያንተን አያት ጎረቤቱ ሁሉ በስም ያውቀዋል፤ እኔንስ ማን ያውቀኛል?» እያለች ትቀልድበታለች። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ይመኑሻል ትባላለች። የእንየው ልብ ያለችው እሷ ዘንድ ነው።

እንግዲህ ኑሮው እንዲህ ሳለ አንድ ገበያ ላይ ከቆላ የመጣ ነጋዴ ጨርቁን ዘርግቶ ከጥፍር የምታንስ ብረት መሸጥ ጀመረ። ብረቷን ከቃታው ጀርባ ይሸጉጧታል። ቃታው ሲሳብ ብረቷ መልሳ ትገፋዋለች፣ ጣት እንደገና ይስባል፣ ብረቷ እንደገና ትገፋለች፤ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ካዝናው ባዶ ይሆናል። ነጋዴው ስሟን «አጣዳፊ» አላት። አሮጊቶቹ «አጣዳፊስ የሆድ በሽታ ነው» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልረዳም። በመጀመሪያው ገበያ ጥቂት ጎረምሶች ገዙ፤ በሚቀጥለው ከጎረምሶቹ ያላነሱ ሽበታሞች ተሰለፉ።

ከሁሉ ቀድሞ ያስገጠመ የእንየው ጎረቤት አላምረው ነበር። አላምረው ክፉ ሰው አይደለም፤ ጉልበቱን የማይሰስት፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ግን አዲስ ነገር ያየ እንደሆነ ውቃቢው የሚነሳ ሰው ነው። ያንኑ ዕለት እደጁ ቆሞ ሙሉ ካዝና አንጣጣው። ምድር ቀውጢ ሆነች፤ ዶሮ ቆጥ ላይ ወጣ፣ በሬ ቀንበር ሰበረ። እንየው እየሮጠ መጣ።

«ምን ሆንክ? ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም ጋሼ እንየው!» አለ አላምረው እየሳቀ። «ድምፁን አልሰሙትም? ደረት ውስጥ እኮ ነው የሚገባው!»

«ምን ልትል ነው የተኮስከው?»

«ምንም። እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ!» አለ እንየው፤ ጆሮው ቀላ። «አባትህ እንዲሁ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም ነበር።»

የዚያች አገር ሕግ አንዲት መስመር ነበረች፦ «በአንድ ስበት አንድ ጥይት»። ይህችን መስመር የሚያስጠብቅ የጣት ዳኛ የሚባል ሹም ነበር። ስሙ ሞላልኝ ይባላል፤ ሹመቱን ከአባቱ ወረሰ፣ አባቱም ከአባቱ። ሥራው በዓመት አንድ ጊዜ የወንዱን ሁሉ ሌባ ጣት እየነካ «አለ» ብሎ ማለፍ ነው። ለዚህ ሥራ ካባ ለብሶ፣ በበቅሎ ተቀምጦ፣ ሁለት አሽከር አስከትሎ ይዞር ነበር። እንየውና ሌሎች ሽማግሌዎች እዚህ ሹም ፊት አጣዳፊዋን ይዘው ቀረቡ። «ጌታዬ፣ ይህቺ ነገር በአንድ ስበት ሙሉ ካዝና ትተፋለች። ሕግ ፈርሷልና ይከልክሉልን» አሉ።

ነጋዴው ተጠራ። እጅ ነስቶ፣ ዓይኑን ሰብሮ፣ ምላሱን አርዝሞ እንዲህ አለ፦ «ጌታዬ፣ አንድ ስበት መስሏቸው ነው። ብረቷ ቃታውን ትመልሰዋለች እንጂ አትስብም። የሚስበው ጣቱ ነው። ለእያንዳንዱ ጥይት አንድ ጊዜ ይስባል፤ ከፍጥነቱ የተነሳ ለዓይን አልታያቸው ብሎ ነው።»

ዳኛው ጺሙን እየዳበሰ ብዙ አሰበ። ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው የኖረ ክርክር መጥቶለት ፊቱ በራ። «ቃጭል አምጡ!» አለ።

ትንሽ የበግ ቃጭል መጣች፤ በአላምረው ሌባ ጣት ላይ በክር ታሰረች። አንዱ አሽከር ቃጭሉን እንዲሰማ፣ ሁለተኛው ጥይቱን እንዲሰማ ታዘዘ፤ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ሁለቱ መስማታቸውን እንዲመለከት ተመረጠ። አላምረው ተኮሰ። አቧራው ሲበርድ ሦስቱ ጆሮ ለጆሮ ተንሾካሾኩና ለዳኛው ነገሩት። ዳኛው ተነሳ፦

«ቃጭሉ በጥይቱ ልክ ጮኋል። ስለዚህ ጣቱ በጥይቱ ልክ ስቧል። ሕግ አልተነካም።»

«ጌታዬ፣» አለ እንየው፣ «በመሃሉ የአባቱንና የአያቱን ስም የሚጠራበት ጊዜ የታለ?»

«በልቡ ይጥራ» አለ ዳኛው፤ ወደ በቅሎውም ሄደ።

ወይ ነዶ! ሕግ ያወጡት ሰዎች ያችን መስመር የጻፏት ለጣት አዝነው መስሎት ነው እንዴ? ለጆሮ አስበው ነው እንጂ! ማዶ ለማዶ ሰው ሰውን እንዲሰማው ብለው ነው። ይህን ግን ማን ይንገረው፤ ሰውዬው ከጣት ውጪ አካል የማያውቅ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው። ነጋዴው «ቃጭል የመሰከረላት!» እያለ መሸጥ ያዘ። አጣዳፊ ያስገጠመ ሁሉ ሌባ ጣቱ ላይ ቃጭል አስሮ መሄድ ጀመረ፤ ጌጥ ሆነ። የገበያ ቀን የመጣ እንግዳ የበግ መንጋ የሚነዳ መስሎት ዞር ሲል ሽማግሌ ያያል። ቃጭል የሌለው ሰው ሰላምታ ሲሰጥ እጁን ጋቢው ውስጥ ይደብቃል።

ጥቅሙን ብትጠይቁኝ ልንገራችሁ። ቀድሞ በየዓመት በዓሉ ግንድ ላይ ቅል ተሰቅሎ ሰው ኢላማ ይወዳደር ነበር። በዚያ ዓመት አላምረውና ጓደኞቹ ተራ በተራ ካዝናቸውን አራገፉበት። ቅርንጫፉ ተመለመለ፣ የጎረቤት ጣሪያ ተበሳሳ፣ አንድ አውራ ዶሮ ወደማይመለስበት ሄደ፤ ቅሉ ግን እንደተሰቀለ ቀረ። «ቅሉን አልነካችሁትም እኮ» ብትል እመት ፈንታነሽ የምትባለው አሮጊት፣ «ቅሉን ማን ያየዋል እመት፣ ድምፁን ይስሙ እንጂ!» አሏት። በሚቀጥለው ዓመት ቅሉን መስቀል ተዉት፤ ውድድሩ በባዶ ግንድ ሆነ። ዝንጀሮውስ? ዝንጀሮ ድሮ አንድ ጥይት ሲሰማ ገደል ይገባ ነበር። አሁን ብልሃቱን አወቀው፤ እሩምታው እስኪያልቅ ቋጥኝ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ካዝና መጨረሱን ሲያውቅ ቀስ ብሎ ወጥቶ በቆሎውን ይለቅማል። ሰውየው ባዶ ጠብመንጃ ታቅፎ ያየዋል። እንስሳው ከሰው ቀድሞ ተማረ፤ ይሄ አያናድድም?

በዚህ መሃል ወዲያ ማዶ የሚኖር ዘገየ መኳንንት የሚባል ጎልማሳ ይመኑሻልን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። ዘገየ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲናገር አንገቱን ይደፋል፣ ያባቶቹንም ስም እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። እንየው ወደደው። አንጓች ግን ከጓዳ ወጥታ ወገቧን ያዘች።

«አጣዳፊ አለው?»

«ምን ያደርግለታል?» አለ እንየው።

«ምን ያደርግለታል ይላል እንዴ! ባለፈው የነአላምረው እህት ስትዳር ሰማይ ነው የተቀደደው። የእኔ ልጅ ስትዳር ጧ! ብሎ፣ አያት ቆጥሮ፣ ደግሞ ጧ! ሊል ነው? እንደ ደሃ አደግ? አንተ ሰውዬ፣ ቃጭል የሌለው አማች ይዘህብኝ እንዳትመጣ። ሠርግ ቤት አልቆምም፤ ነገርኩህ።»

እንየው ተከራከረ፣ ተቆጣ፣ እራትም ሳይበላ ተኛ። በማግስቱ ዘገየ ወሬው ደረሰውና አንዱን በሬውን ሸጦ አጣዳፊዋን አስገጠመ። ሠርጉ ዕለት ያለ የሌለ ጥይቱን አንደቀደቀው፤ ሰማዩ ተቀደደ፣ የአንጓች ፊት በራ። ይመኑሻልም በበቅሎ ተጭና በገመድ ወንዙን ተሻገረች፤ ማዶ ወጥታ ስትዞር እንየው እጁን አነሳላት። በቅርብ ሲያያት የመጨረሻው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሚያያት ከሩቅ፣ ውሃ ስትወርድ ወይም ልብስ ስታሰጣ ነበር።

ዓመቱ ሳይዞር ይመኑሻል እንዳረገዘች ተሰማ። አገሩ የሚተማመንባት አዋላጅ ያቺው እመት ፈንታነሽ ናት፤ ቤቷም ከእንየው ቤት ጥቂት ወረድ ብሎ ነው። እንየው ለዘገየ መልእክት ላከ፦ «ሲቀናት ሁለት ተኩስ። ምጡ ከጠናባት ሦስት ተኩስ። እመት ፈንታነሽን በጀርባዬም ቢሆን አዝዬ እወርዳለሁ። ገመዱን እኔው ራሴ እጥላለሁ።» ገመዱን በየጠዋቱ እያየ፣ የላላ ቋጠሮ እያጠበቀ፣ ጆሮውን ወደ ማዶ ቀስሮ ሰነበተ።

የመጣው በአውድማ ቀን ነበር። ደቦ ተጠርቶ ሰው ሁሉ እንየው አውድማ ላይ ጤፍ ይወቃል፤ አንጓች ጠላ ታቀርባለች፤ እመት ፈንታነሽም ጥላ ስር ተቀምጣ ትጫወታለች። ረፋዱ ላይ ከማዶ፣ ከዘገየ ደጅ በኩል፣ እሩምታ ተንጣጣ። እንደጀመረ አለቀ።

እንየው መንሹን ጣለ። «ዝም በሉ! ዝም በሉ እስቲ! ሁለት ነው ሦስት?»

«የምን ሁለት የምን ሦስት ጋሼ!» ብሎ አላምረው ዘለለ። «ሙሉ ካዝና ነው! ወለደች! አያት ሆኑ!» ጠብመንጃውን ከአጥር አንስቶ ወደ ሰማይ ለቀቀው። ጎረቤቱ ተከተለው፣ የጎረቤቱ ጎረቤት ተከተለ፤ ገደሉ በተኩስ ተናወጠ፣ ቃጭሉ ሁሉ ተንቃጨለ። አንጓች እልልታዋን አቀለጠችው።

«አላምረው፣ ተው! ልስማበት!» አለ እንየው። «ሦስት ቢሆንስ?»

«ሦስት ቢሆን ሦስት ይሆን ነበራ!»

«በዚያ ቃታ እንዴት አድርጎ ሦስት ይሆናል? እኔ እወርዳለሁ። እመት ፈንታነሽ፣ ይነሱ።»

እመት ፈንታነሽ ተነሳች፤ ነጠላዋንም አጣፋች። ሴቶቹ ግን እጇን ይዘው አስቀመጧት። «ወልዳ የተገላገለችን ሴት ምን ሊያደርጉላት ነው? በዚህ ገደል ጉልበትዎን ሊጨርሱ ነው?» አሏትና ጠላ ቀዱላት። አንጓች ደግሞ ባሏን ክንዱን ያዘችው፤ ዓይኗ በደስታ እንባ ሞልቷል። «አንተ ሰውዬ፣ የልጄን ደስታ በመርዶ ፊት አትቀበልብኝ። እባክህ። አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ሳቅ።»

ወንዶቹ ትከሻቸው ላይ አነሱት። «አያት! አያት!» እያሉ አውድማውን አዞሩት። እንየው ከላይ ሆኖ ወደ ማዶ ለማየት አንገቱን ሰገገ፤ የታየው አቧራና የባሩድ ጭስ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ እሱንም ደስ ማለት ጀመረው። ሰው አይደል? መልካም ወሬ ማመን የማይወድ ማን አለ? ሲያወርዱት ስቆ ጠላውን ተቀበለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው።

ጀምበር ልታዘቀዝቅ ስትል ከላይኛው መሻገሪያ፣ ግማሽ ቀን ከሚያስኬደው ዙሪያ ጥምጥም መንገድ፣ አንድ ሰው ሲመጣ ታየ። ዘገየ ነበር። ልብሱ እስከ ወገቡ ርሶ ደርቋል። ደረቱ ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አቅፏል። ሰዎቹ «የምሥራች ነጋሪው መጣ!» አሉ፤ አላምረው ጠብመንጃውን ሊያነሳ ሲል እንየው አፈሙዙን በእጁ ያዘው። የዘገየን አካሄድ አይቷል።

ዘገየ ሕፃኗን ለአንጓች ሰጣት። ከዚያ እንየው እግር ሥር ተንበረከከ።

«አባቴ፣ ለምን ቀሩብኝ?»

እንየው ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ያዘው።

«ልጅቷ ወጣች፤ ደሙ ግን አልቆም አለ» አለ ዘገየ። «ሦስት ልተኩስ ወጣሁ። አንዱን ተኩሼ የአባቴን ስም ልጠራ አፌን ስከፍት ጣቴ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ጣቴ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ያቺ ብረት እየመለሰች... አለቀ። አባቴን ሳልጠራው አለቀ። ሌላ ጥይት የለኝም፤ ለሠርጋችን ጨርሼዋለሁ፤ የጎረቤቶቼም አልቋል። ግን ወዲያው ከእናንተ ዘንድ መልስ ሰማሁ። ማዶው ሁሉ ሲመልስልኝ ሰማሁ አባቴ! ሰምተዋል፣ እየመጡ ነው ብዬ ከጎረቤቶቼ ጋር በቃሬዛ ተሸክመናት ወንዙ ዳር ወረድን። ገመዱን ጠበቅን።»

«እሷስ?» አለች አንጓች።

«ትሰማ ነበር። እናንተ ስትተኩሱ ትሰማ ነበር። 'አባዬ ሰምቷል፣ እየመጣ ነው፣ አትጨነቅ' ትለኝ ነበር። እስከመጨረሻው እንዲህ ስትል ነበር።»

አንጓች ሕፃኗን እንደታቀፈች እጤፉ ላይ ወደቀች። እመት ፈንታነሽ የያዘችውን ዋንጫ መሬት ላይ አስቀመጠች፤ እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው፣ እነዚያን ስንቱን ያዋለዱ እጆች፣ ከዚያ ፊቷን ሸፈነችባቸው። አላምረው ቆሞ ቀረ።

ይመኑሻል ተቀበረች። እንየው ግን የሞቷን ጥይት አልተኮሰም። በዚያች አገር የሞት ጥይት ሳይተኮስ ሟች ሞተ አይባልም፤ ሰዎቹ «ኧረ ተኩስ፣ ነፍሷን አታንከራትት» ቢሉት «ፍርድ ልይ፤ ያኔ እናገራለሁ» አለ። ወደ ጣት ዳኛው ሄዶ ከሰሰ። ዳኛ ሞላልኝም ገበያው ሜዳ ላይ ሸንጎ አስቀመጠ፤ ከሁለቱም ማዶ ሰው መጣ፤ ቃጭሉ ሁሉ እየተንቃጨለ ተሰበሰበ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እስቲ ያኔ፣ ሽማግሌዎቹ ሲለምኑት የት ነበር ይሄ ሁሉ ካባ?

«ቃጭል አምጡ!» አለ ዳኛው።

ቃጭሏን በዘገየ ጣት አሰሩለት። በተዋሰው ጥይት ተኮሰ። ሰሚው ሰማ፣ ቆጣሪው ቆጠረ፣ ተመልካቹ ተመለከተ፤ ተንሾካሾኩ። ዳኛው ተነሳ፦

«ቃጭሉ እንደ ቀድሞው በጥይቱ ልክ ጮኋል። ብረቷ ንጹሕ ናት፤ ጣቱም ንጹሕ ነው። ጥፋት አለ ከተባለ ጥፋቱ ደስታን ከጭንቀት ያልለየው ጆሮ ነው። ጆሮ ደግሞ በእኔ ሥልጣን ሥር አይደለም። እኔ የጣት ዳኛ ነኝ። የጆሮ ዳኛ የሚባል ሹመት በአገራችን የለም። ለወደፊቱ ግን ምጥ የጠናበት ሰው፣ ከመተኮስ ይልቅ በላይኛው መሻገሪያ ሰው ይላክ።»

ነጋዴው ከሕዝቡ መሃል ራሱን ነቀነቀ፤ «ፍርድ ማለት ይሄ ነው» አለ።

እንየው ወደ መሃል ወጣ። ይቆጣል ብለው ሁሉም ጆሮውን አዩ፤ ጆሮው አልቀላም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ጌታዬ፣ ቃጭሉ ስንቴ እንደጮኸ ሁለት ጊዜ አስቆጠሩ። ልጄ ስንቴ እንደጮኸች አንድ ጊዜ አልጠየቁም። ለጣት ዳኛ አላችሁ፤ ለካባችሁ አሽከር አላችሁ፤ ለሚጮህ ሰው ግን ሰሚ የላችሁም። እናንተም» ብሎ ወደ ሰዉ ዞረ፣ «እኔም አብሬያችሁ፤ ስትሞት ጨፈርን። ወንዙ ዳር ሆና እየሰማችን ጨፈርን። ይህቺን ብረት የገዛ ሁሉ ምን ገዛ? ከአንድ እስከ ሁለት ያለችውን ቦታ ሸጦ መጣ። ሰው የሚሰማው በዚያች ቦታ ነበር።»

«ጋሼ እንየው፣ እኛ እኮ ለደስታ ነው...» አለ አላምረው።

«አውቃለሁ ልጄ። ለዚህም ነው የሚያቃጥለኝ።»

ከዚያ የአባቱን ጠብመንጃ ከትከሻው አወረደ። ሰደፏ ላይ ያለውን ጠፍር አጠበቀ፣ ወደ ሰማይ ደገናት፣ ቃታውን ሳበ።

ጧ!

ድምፁ ገደሉን መታ፣ ማዶውን መታ፣ ተመልሶ መጣና ጠፋ። እንየው ጠብመንጃዋን አወረደ። የልጁን ስም ሊጠራ ጠበቀ፤ በሥርዓቱ ሰው መጀመሪያ ይቀመጣልና።

ማንም አልተቀመጠም።

ሕዝቡ አንገቱን አስግጎ አፈሙዙን ያያል። አንድ ጎረምሳ ወደ ጓደኛው ጎንበስ ብሎ «ተቀረቀረበት እንዴ?» አለ። «ሌላውስ?» አለ አንዱ። ነጋዴው በትሕትና ወደ እንየው ቀረብ ብሎ፣ ጨርቁን ፈትቶ፣ «አባት፣ ያቺ አሮጌ ናት፤ ላስተካክልልዎት?» አለው።

አንጓች ሕፃኗን እንዳዘለች ከሴቶቹ መሃል ወጣች። ነጠላዋን አውርዳ አቧራው ላይ ተቀመጠች። እመት ፈንታነሽ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። ዘገየ የጣቱን ቃጭል በጥርሱ በጥሶ ጣለና ተቀመጠ። አላምረው ግራና ቀኙን አየ፤ ሊቀመጥ ጉልበቱን አጠፍ አደረገ፣ የጓደኞቹን ዓይን አየ፣ እንደገና ቀና አለ።

እንየው ጠብመንጃዋን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከሚስቱ ጎን ተቀመጠ። «ይመኑሻል እንየው ጓዴ» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ በስምና በስም መሃል ለትንፋሽ ቦታ እየተወ።

ከፊታቸው ያ ሁሉ ሰው እንደቆመ ነበር። አፈሙዙን እያየ የቀረውን ጥይት ይጠብቅ ነበር።